የአባትሽ ማሽን እንደገና ሞቀ

ሼንጋንግ፣ ሐምሌ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ

ለልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሆድሽ እንዴት ነው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? ያ የቢሮሽ ማቀዝቀዣ አሁንም ትከሻሽን እያሳመመሽ ነው ወይስ ሹራብ መልበስ ጀመርሽ? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር ምንም አልሆንኩም፣ ሰማይ ይመስገን። አባትሽም ደህና ነው። አዎ፣ ስለ እሱ አልጠየቅሽኝም። ሳትጠይቂኝ ነው የነገርኩሽ።

በስልክ እያወራን ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። ልጄ፣ ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር አባትሽ ጋዜጣውን ይዞ አጠገቤ ዘጭ ይላል። ያነባል እንዳትይ፤ ባለፈው እሑድ አርባ ደቂቃ ስናወራ አንድ ገጽ አልገለጠም። ስልኩን ስዘጋ «ምን አለች?» ቢል ምን ነበረበት? እሱ ግን «ጆሮሽ አልጋለም?» ብሎኝ ይነሳል። መልእክት እንዳልጽፍልሽ ደግሞ የእኔን መነጽር አድርጎ ስልኬን ይፈትሻል። ስለዚህ እሱ ፎቅ ላይ እያለ እኔ ወጥ ቤት ተቀምጬ በወረቀት እጽፍልሻለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ቹንሜይ ገበያ ስትሄድ ፖስታ ቤት ታደርስልኛለች። ምላሷ እንደማያርፍ አውቃለሁ፤ ግን ፖስታውን በሙጫ አሽጌዋለሁ።

ስለዚያ ቀን አንድም ቀን የእኔን ሐሳብ ነግሬሽ አላውቅም። ሁለታችሁ ጮኻችሁ፣ እኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ተራዬን ስጪኝ፤ ሳታቋርጪኝ አንብቢኝ።

ጣውንቴን ታውቂያታለሽ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቆርቆሮው ሥር ያለችውን ያቺን የመቅረጫ ማሽን ማለቴ ነው። ቶርኖ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ሰውየው ከእሷ ሌላ ወዳጅ የለውም። በኮምፒውተር ስታዝዣት እንጨቱንም ነሐሱንም ትቀርጻለች፤ እኔ አዝዣት ግን አታውቅም፣ እኔንም አትወደኝም። አባትሽ የኤሌክትሪክ ዕቃዋን ሰጋቱራ እንዳይገባበት ብሎ በላሜራ ሳጥን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። በዚህ ሙቀት የተዘጋ ሳጥን ምን እንደሚሆን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ስምንት ሰዓት ሲሆን ይግላል፣ ማሽኗ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥላ ቀጥ ትላለች፣ እንጨቱ ይበላሻል፣ አባትሽ እየተሳደበ ይወርዳል። አንቺ ያን ጊዜ ለእረፍት መጥተሽ ነበር፤ እሱ ደግሞ የባሕሯን አምላክ የማትዙን ምስል አጅቦ ለዘጠኝ ቀን የእግር ጉዞ ወጥቶ ነበር። ሲመለስ ደስ ይበለው ብለሽ ትራፓኖ አንስተሽ ሳጥኑን ግራና ቀኝ በሳሽው፤ ማራገቢያም ገጠምሽለት።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ። እግሩ አብጦ እንደመጣ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወጥቶ አየው። እኔ ከኋላው ነበርኩ። በጣቱ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ አንድ በአንድ ዳሰሰ። ጣት የሚቆርጥ የብረት ስለት እየፈለገ ነበር፤ አላገኘም። አንገቱን ነቀነቀና «እጇ ጥሩ ነው» አለኝ። ለአንቺ ግን ምን አለሽ? «ጫማ ማውለቂያው ላይ ማን ነው ጃንጥላ ያስቀመጠው?» አለሽ። እንግዲህ አባትሽ እንዲህ ነው፣ ምን ላድርገው!

በሦስተኛው ቀን ነሐስ ሲቀርጽ የነሐሱ ብናኝ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ሰርኪቱ ላይ ተበተነ፤ ጧ! አለና ቤቱ በሙሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ። እራት ላይ ተጣላችሁ። እሱ «ጤነኛ ሳጥን በስተሽ ገደልሽው። ጥፍሯ ውስጥ ብረት ገብቶ የማያውቅ ልጅ ናት እኔን ብረት የምታስተምረኝ?» አለሽ። አንቺም «ቶርኖ ቤትህ የተዘጋው እኮ ሰው ስለማትሰማ ነው!» አልሽው። ቃሉ ከአፍሽ ሲወጣ አንቺ ራስሽ ስትደነግጪ አይቻለሁ። እሱም አይቷል፤ ግን ከዚያ ወዲያ ማን ወደኋላ ይመለስ? እኔ ምን አደረግሁ? ሾርባ ጨለፍኩ። ባሌና ልጄ እንደዚያ ሲባባሉ እኔ ሾርባ ስጨልፍ ነበር፣ አየሽ? ጠዋት ሻንጣሽን ይዘሽ ወጣሽ። ይኸው ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ፤ ለአዲስ ዓመት እንኳ «ሥራ አለብኝ» እያልሽ ቀረሽ። ሲያዩት ቀላል ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን በእራት ሰዓት ሦስት ሳህን አውጥቼ አንዱን የምመልስበት ቀን ብዙ ነው።

እሱ በዚህ ሁሉ ጊዜ ማሽኗን አልነካም። በአንሶላ ሸፈናት። አንዳንዴ ይወጣና የአንሶላውን አቧራ አራግፎ ይወርዳል።

ታዲያ በዚህ መጋቢት የቤተ መቅደሱ ሴቶች መጡ። ለበዓሉ ቀዩን የኤሊ ኬክ የሚያትሙበት የእንጨት ቅርጽ ለሁለት ተሰንጥቆባቸዋል። «ጋሼ፣ እርስዎ ካልሠሩልን ዘንድሮ ኤሊያችን ጀርባ አይኖረውም» አሉት። እሱ «ማሽኔ ሞታለች» ብሎ ሸኛቸው። እኔም ነገሩ እዚያው አለቀ ብዬ ነበር።

በሳምንቱ ክፍልሽን ስጠርግ ሰማያዊው ደብተርሽ ከቦታው የለም። በማግስቱ ተመልሷል፤ ግን ተገልብጦ ነው የተቀመጠው። ከፈትኩት። የሳጥን ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ የአባትሽ አውራ ጣት በግራሶ ታትሟል። አሻራውን ለመለየት ፖሊስ አያስፈልግም፤ ያ በልጅነቱ በመሮ የተቆረጠው ጠባሳ አለበት። ሥዕሉን እኔም ገባኝ፣ እንዳትስቂ። ሳጥኑ ዙሪያውን ጥብቅ ብሎ ይዘጋል። ከታች በመስኮቱ በኩል ንጹሕ አየር በፊልትሮ ተጣርቶ ይገባል፤ ማራገቢያው ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ የሞቀው ከላይ ይወጣል። ውስጡ ሁልጊዜ ወደ ውጭ ስለሚተነፍስ ሰጋቱራ የሚገባበት መንገድ አያገኝም። ይዘጋ የሚለው የእሱ ነው፤ ይተንፍስ የሚለው ያንቺ ነው። ሁለቱንም በአንድ ሳጥን አስታርቀሻቸዋል።

ከገጹ ጥግ ደግሞ ቀን ጽፈሻል። ማሽኗ የተቃጠለችበት ቀን ነው፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይላል። ከእራት በፊት ነው፣ ልጄ! ጥፋትሽን አውቀሽ፣ መፍትሔውን አግኝተሽ፣ እራት ላይ ልታሳዪው ነበር አይደል? እሱ ቀድሞሽ አፉን ከፈተ። ይህን ሳይ አልጋሽ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እሱም እዚያው ተቀምጦ ኖሯል፤ አንሶላው ተጨማዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብታዪ በሳቅ ትሞቻለሽ። ሥዕሉን በድብቅ ሌላ ወረቀት ላይ ገልብጦ ላሜራ ቆራጩ ቲየንፉ ዘንድ ሄደ። ቲየንፉን ታውቂዋለሽ፣ ሠላሳ ዓመት ጎረቤታችን ነው፤ ሰው ሳይነካካ ምሳ አይወርድለትም። «ማን ነው የሣለው?» ብሎ ጠየቀው። አባትሽ «እኔ ነኛ! ማን መሰለህ?» አለ። ቲየንፉ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዞረና «ጋሼ፣ ሰባት ቁጥርን እንደ ልጅህ ወገቡ ላይ መሰረዝ የጀመርከው መቼ ነው?» አለው። አባትሽ ፊቱ ቲማቲም መሰለ አሉ። ከዚያ የሸንኮራ ጭማቂ ገዝቶለት «አፍህን ያዝ» ብሎት ሄደ። ቲየንፉ ደግሞ ጭማቂውን ጠጥቶ ሲያበቃ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ።

ሳጥኑን በይዶ፣ ሞርዶ፣ ቀለም ቀብቶ ሠራው፤ የተቃጠለውንም ሰርኪት በአዲስ ለወጠ። በሩ ዙሪያ ጎማ አደረገበት። ሽቦዎቹን እንደ ሹሩባ ጎንጉኖ አሰራቸው። የእኔን የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ሳይጠይቀኝ ወስዶ ውስጡ ሰቀለ፤ እስካሁን አልመለሰልኝም። ግን ግትርነቱ የት ይሄዳል? አንቺ ማራገቢያው ወደ ውስጥ ይንፋ ብለሻል፤ እሱ አዙሮ ወደ ውጭ እንዲስብ ገጠመው። «መውጣት ያለበት ሙቀቱ ነው፣ ይህን ሕፃንም ያውቀዋል» አለኝ። እኔ ምንም አልጠየቅሁትም፣ ራሱ ከራሱ ጋር ነበር የሚከራከረው። በሁለተኛው ቀን ሲከፍተው ውስጡ በሰጋቱራ ነጥቷል። ሳጥኑ በየስንጥቁ አቧራውን ሲምገው ውሏል። በሩን ዘጋና ካቻቢቴ ሲያዞር ሰማሁት። ምሳውን በልቶ ጨረሰና «አንዳንድ ሰው ትክክል ሲሆን ያናድዳል» አለ። «ማን?» አልኩት። «ሾርባው ጨው በዝቶበታል» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ማሽኗ አንድም ቀን አላስቸገረችም። እኔ ላቤ ወገቤ ላይ ሲንቆረቆር ሳጥኑ ውስጥ ቴርሞሜትሩ ከሠላሳ ዘጠኝ አልዘለለም። ድሮ እኮ ስድሳን ያልፍ ነበር! ኤሊውን ቀረጸ፤ ጀርባዋ ላይ እያንዳንዱ ቅርፊት ለብቻው ይቆጠራል። ሴቶቹ ሲያዩት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። አንዷ «ጋሼ፣ ይህን ያህል ሳትቆም እንዴት ሠራች?» ስትለው፣ ይሰማሻል ልጄ፣ «የሳጥኑ አሠራር ነው» አለ፤ «የእኔ አይደለም፤ የልጄ ነው።» እኔ ሻይ እየቀዳሁ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አፈሰስኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ «ልጄ» ሲል የመጀመሪያው ነው። ሲያየኝ ደግሞ «ምን ያፈጥጥሻል፣ ጥረጊው!» አለኝ።

እዚህ ላይ ብጨርስልሽ ደስ ባለኝ። ግን ባለፈው ሳምንት ማሽኗ እንደገና ቆመች።

ለምሳ ወረደ፤ እጁን ረዥም ሰዓት ታጠበና «እንደገና ሞቀ» አለኝ። ምን ሆነ ስለው «እኔ እንጃ። ኤሌክትሪክ የእኔ ሙያ አይደለም» አለ። ማንኪያዬ ከእጄ ወደቀ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ስንኖር ከዚህ ሰው አፍ «እኔ እንጃ» ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም! የልብስ ማጠቢያውን፣ የሩዝ ማብሰያውን፣ የቹንሜይን የዓሣ ገንዳ ፓምፕ፣ ማን ነው የሚያበጀው? በማግስቱ ይባስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ይህ ነገር የተማረ ሰው ካላየው አይሆንም» አለ። ቲየንፉን ጥራው አልኩት። «ቲየንፉ ከቆርቆሮ ሌላ ምን ያውቃል!» ከከተማ ጠጋኝ ይምጣ አልኩት። «የከተማ ጠጋኝ አላምንም።» ታዲያ ማን ይምጣልህ፣ አንተ ሽማግሌ! ብዬ ጮኽኩበት። ወደ ጣሪያው አንጋጦ «እኔ ምን አውቃለሁ። ስልክ የምታወሪው አንቺ ነሽ» አለኝ።

ሰኞ ለደም ግፊቱ ሐኪም ቤት ሲሄድ ፎቁ ላይ ወጣሁ። ጉልበቴ እያለቀሰ ወጣሁ። ልጠርግ ነበር። ያ አገር ሁሉ ማሽኑ ላይ የሚያስቀምጠው የበቆሎ ፍርፍር አለ አይደል፣ አረንጓዴው ከረጢት፣ ማሽን ጨዋ ይሁንልን የሚባልበት? አንቺም ቢሮሽ ውስጥ በየመደርደሪያው አለ ብለሽኛል። አባትሽ በዚህ ሲስቅ ነው የኖረው፤ «ማሽን ሆድ የለው፣ ምን በቆሎ ያበሉታል!» እያለ። አንድ ጊዜ እኔ ገዝቼ ለጣውንቴ ባስቀምጥላት አውርዶ ቤዝቦል እያየ በላው፤ እኔ የሰማይ ቁጣ ይመጣል ብዬ ስንቀጠቀጥ እሱ ጣቱን ይልስ ነበር። ታዲያ ሰኞ ያ አረንጓዴ ከረጢት አለልሽ። ሰው እንደሚያስቀምጠው ከላይ አይደለም። ከሳጥኑ ጀርባ፣ በመስኮቱ በኩል፣ አየር በሚገባበት አፍ ላይ በፕላስተር ተለጥፏል። ማሽኗ ባትሠራም የማራገቢያውን ቁልፍ ስጫነው ከረጢቱ ወደ ውስጥ ተሳበና ፊልትሮው ላይ ልጥፍ አለ። ከላይ፣ ሙቀቱ በሚወጣበት በኩል መዳፌን ዘረጋሁ፤ ትንፋሽ የለም።

 መጀመሪያ፣ አረጀ፣ ሰውየው አረጀብኝ አልኩ። ባህል ሊያከብር ብሎ የማሽኑን አፍንጫ ደፈነ አልኩ። ከረጢቱን ልነቅለው አንዱን ጥግ ያዝኩ።

ያኔ ፕላስተሩን ልብ አልኩት። አራት ቁራጭ ነው፤ አራቱም እኩል፣ በምላጭ የተቆረጡ። የእያንዳንዱ ጫፍ በጣት እንዲያዝ፣ ሲነቀልም ቀለሙን እንዳይልጥ ትንሽ ታጥፏል። የከረጢቱን ቀን አየሁት፤ እስከ መጪው መጋቢት ያገለግላል፣ ትኩስ ነው። ሙቀት ሲበዛባት ማሽኗን የሚያጠፋውን ቁልፍም አየሁት። አባትሽ ስድሳ ላይ ነበር የሚያደርገው፤ አሁን አርባ አምስት ላይ አውርዶታል። ትንሽ ሞቅ ሲላት ትጠፋለች፣ ውስጧ ያለው ምንም አይነካም። ይህ ሰው፣ ልጄ፣ ሽርጤን ሞተር አጠገብ በሰቀልኩ ቁጥር «አየሩን ዘጋሽው!» እያለ አርባ ዓመት ሊሞላው ነው የሚጮኽብኝ።

ከበርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ እንባዬ መጣ፣ ከዚያ ሁለቱም አንድ ላይ መጡ። የነቀልኩትን ጥግ በቦታው መልሼ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አደረግኩት፤ ማራገቢያውን አጥፍቼ ወረድኩ። ሲመጣ «ፎቅ ወጥተሽ ነበር?» አለኝ። «እኔ? በዚህ ጉልበቴ?» አልኩት።

ከዚህ በላይ ምን ልጻፍልሽ? መሐንዲሷ አንቺ ነሽ።

ቅዳሜ ነይ። የጠዋቱን ባቡር ያዥ። ለእሱ አትደውዪለት፤ እናቴ ማሽኑ ተበላሸ ብላኝ ነው በይ፣ ውሸት አይደለም። ያንን የመለኪያ መሣሪያሽንም ይዘሽ ነይ፤ ነገሩ ከባድ እንዲመስል። ስለ ቶርኖ ቤቱ ያልሽውን በአፍሽ ይቅርታ ማለት ከቻልሽ በይው። ካልቻልሽ «አባዬ፣ ካቻቢቴውን አቀብለኝ» በይው፤ ይገባዋል። እሱም ይቅርታ ይልሻል ብዬ አላታልልሽም። ምናልባት ጥፍርሽን አይቶ አንድ ነገር ይል ይሆናል፤ ያኔ ደግሞ አንቺ ታገሺው። እኔ በበኩሌ በዚህኛው እራት ሾርባ ስጨልፍ አልገኝም፤ አንዳችሁ ድምፃችሁን ከፍ ብታደርጉ ጭልፋውን በራሳችሁ ላይ ነው የማወርደው።

አንድ ነገር ግን በማትዙ ስም እለምንሻለሁ፦ ጥፋቱን ቶሎ እንዳታገኚው። ክፈቺው፣ ዝጊው፣ ሽቦውን በየተራ ለኪው፣ «ይገርማል» በይ። እሱ መብራቱን ይያዝልሽ፣ ብሎኑን ይቁጠርልሽ፣ «እዚህ ጋ አይተሻል?» ይበልሽ። እራት እስኪደርስ እዚያው ቆዩ። እስከ እሑድ ብታደርሺው ደግሞ ይብስ ደስ ይለኛል።

መንገዱ ቀና ይሁንልሽ። የበላሽው ይስማማሽ፣ የያዝሽው ይባረክልሽ። ማትዙ በወጣሽበት በገባሽበት አትለይሽ። እኔንም ዓይንሽን ሳላይ ሌላ በዓል አታሳልፈኝ።

በር በሩን የምታየው
እናትሽ